የጦስኙ ክዳን

ልብስ ሰፊው ዓምሃ እሺ ማለት የሚቀናው ሰው ነበር። ደንበኛ ለበዓል አድርስልኝ ሲለው እሺ፣ ቀበሌው ስብሰባ ና ሲለው እሺ፣ መዋጮ ሲጠየቅም እሺ። በዚያን ዘመን እሺ ማለት ጤና ነበር። ከእነዚያ ሁሉ እሺታዎች መካከል ግን አንዲቱ፣ ያውም ማንም ሳያስገድደው በገዛ ቤቱ ያላት፣ ከልቡ ሳትወጣ ቀረች።

የሚኖረው ጉለሌ ነው፤ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል በሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ዳር፣ ማድ ቤቱም ቧንቧውም የጋራ በሆነ የቀበሌ ግቢ ውስጥ። የዓለምወርቅን ያገባት አብዮቱ በፈነዳ ማግስት ነው። እሷ ለሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ጥልፍ ትጠልፋለች፤ እሱ በመጀመሪያ በግሉ፣ በኋላ ደግሞ ቀበሌው ባደራጀው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ይሰፋል። ልጅ አልወለዱም። ቢሆንም ቤታቸው ዝምታ አያውቅም ነበር፤ የዓለምወርቅ ሳቂታ ናት። ከስብሰባ ስትመለስ የሊቀመንበሩን አነጋገር እንዳለ ትቀዳዋለች። ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ "ጓዶች! የስኳር እጥረት የለም። ያለው የስኳር ፈላጊ ብዛት ነው!" ስትል ዓምሃ ሮጦ በሩን ይዘጋና አፉን በክንዱ አፍኖ ይስቃል።

"ዝም በይ አንቺ ሴት፣ ታሳስሪናለሽ!"

"ከታሰርን አብረን ነው። እዚያም ትሰፋለህ፣ እዚያም እጠልፋለሁ።"

ይቺው ሴት ግን በየወሩ ለጥቂት ቀናት ሌላ ሰው ትሆናለች። መጀመሪያ ያየው በተጋቡ ሰሞን ነው። አንድ ጠዋት የቤቱ ቁልፍ የት እንዳለ ጠየቃት፤ ሌላ ምንም አላለም። መርፌዋን ጣለችና ማልቀስ ጀመረች። ሆድ ባሳት፤ እናቷ የሞተች ዕለት እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም። ምን ሆንሽ ቢላት ጮኸችበት። ዝም ቢላት ዝምታውም አስቆጣት። በመጨረሻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛችና፣

"ፍታኝ" አለችው። "እንዲህ ሆኜ ከሰው ጋር መኖር አልችልም። ፍታኝ!"

ጥቂት ቀናት አለፉና የዓለምወርቅ ተመልሳ ያቺ ሳቂታ ሆነች። ጥልፏን ይዛ እያንጎራጎረች ሳለ ድንገት አቀረቀረች።

"ያን ዕለት ያልኩህን ሰምተሃል እንዴ?"

ዓምሃ ከስፌቱ ቀና ሳይል፣ "የቱን? አልሰማሁም" አላት።

እሷም ሳቀች፣ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በመካከላቸው እንደ ጨዋታ ሆነ። በየወሩ "ፍታኝ" ትለዋለች፤ ሲያልፍላት "ሰማኸኝ?" ትለዋለች፤ እሱም "አልሰማሁም" ይላል። የሁለቱ ትዳር በዚህች በአንዲት ቃል ላይ ቆሞ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጨዋታ ይሁን እንጂ ዓምሃ በሆዱ ይፈራ ነበር። በዚያው ግቢ የምትኖረው ጸሐይ፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ዛር ነው። እንጦጦ ጠበል ሳትወስዳት እንዳትሰነብት" አለችው። ስንቅ ቋጥሮ ለጉዞ ተዘጋጅቶ ሳለ ነው ከእማማ ብርቅነሽ ጋር የተገናኘው። እማማ ብርቅነሽ ከእንጦጦ ማዶ የሚመጣላቸውን ጦስኝ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳምና አሪቲ በቤተክርስቲያኑ ግንብ ሥር ዘርግተው የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ፊቱን አዩትና ጠሩት።

"አንተ ልጅ፣ ማን ሞተብህ?"

"ማንም አልሞተብኝም እማማ። ባለቤቴ አሟት ነው።"

"ምኗን?"

እንዴት ብሎ ይንገራቸው? ታለቅሳለች፣ ትቆጣለች፣ ፍታኝ ትላለች፣ ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትስቃለች አላቸው። አሮጊቷ ጭብጥ ሙሉ ጦስኝ እያራገፉ ሰሙትና ያልጠበቀውን ነገር ጠየቁት።

"እንዲህ ከሆነች በኋላ ባለው እሑድ ስትሳለም፣ ቅጥር ትገባለች ወይስ ከውጭ ትቆማለች?"

ዓምሃ አሰበ። ያለፈውን አሰበ፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም አሰበ። "ከውጭ ነው የምትቆመው" አለ ቀስ ብሎ።

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"በል እንግዲህ፣ ስንቅህን ፍታ። ዛርም አይደለም፣ አንተን መጥላትም አይደለም። ልማዷ ሊመጣ ሲል ደሟ ይከብድና ልቧን ይጫነዋል። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ነበርኩ፤ ባሌን በሙቀጫ ዘነዘና አሯሩጬዋለሁ፣ ነፍሱን ይማረውና።" ሳቁና እንደገና ኮስተር አሉ። "ከዚህ ጦስኝ አንድ ጭብጥ፣ ከጤና አዳሙ አንድ ቅንጣቢ። ያረገዘች እንደሆነ ጤና አዳሙን እንዳታስነካት፣ ሰማህ? ውሃው ሲፈላ ጨምረህ አውርደው። ቀድተህ ስታበቃ በሰሃን ክደነው። የዚህ ቅጠል ነፍሱ እንፋሎቱ ላይ ነው፤ ሳይከደን የቀረበ እንደሆነ ሳር መቀቀልህ ነው።"

"እሷው ታፍላው አይሻልም?"

"ያን ጊዜ እሷ ውሃ ለመጣድ የሚሆን አቅም ያላት ይመስልሃል? አንተ አፍላው። አፍልተህም ወሬ አታብዛ፤ ጠጪ አትበላት። አጠገቧ አስቀምጠህ ሂድ።"

እንዳሉት አደረገ። የዓለምወርቅ ከቤተክርስቲያን ውጭ ከቆመችበት እሑድ እየቆጠረ ጊዜው ሲደርስ ያውቀዋል። ከእማማ ብርቅነሽ ጦስኙን ይገዛል። መራራ ስለሆነ ስኳር ያስፈልገዋል፤ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የምትመጣውን ስኳር ለማትረፍ ራሱ ሻዩን ያለ ስኳር መጠጣት ለመደ። ለምን ብላ ስትጠይቀው ጥርሴን ያመኛል አላት። በጋራው ማድ ቤት የላምባ ምድጃውን ለኩሶ ያፈላል፤ በንጹሕ የአቡጀዲ ቁራጭ ያጠላል፤ ወደ ኩባያው ቀድቶ በሰሃን ይከድናል። ከአልጋው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ አስቀምጦ ማታ ማታ ቤቱ ወደሚሰፋባት መኪናው ይመለሳል።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቆያለች። እሱ እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ሳያነሳ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ከቆይታ በኋላ ሰሃኑ ከኩባያው ላይ ሲነሳ የሚያሰማት ቀጭን ድምፅ ትመጣለች። ዓምሃ ያን ጊዜ ትንፋሹ ይመለሳል።

ሁልጊዜ ይበጃት ነበር ማለት አይደለም። አንዳንድ ወር ጠጥታውም ታለቅሳለች። "ፍታኝ"ም ጨርሳ አልቀረችም፤ ግን ግማሽ ድምፅ ሆነች። አንድ ቀን እማማ ብርቅነሽን፣ "የሚያሽላት ቅጠሉ ነው ወይስ ዝም ብሎ ሰው አስቦኛል ማለቷ?" ብሎ ጠየቃቸው። "እኔ ቅጠል ሻጭ ነኝ" አሉት። "ሌላውን መድኃኔዓለም ያውቃል።"

እንዲህ ሆኖ ለዓመታት ኖሩ። ብሔራዊ ውትድርና ታወጀና ለማኅበሩ የምልምሎች ልብስ ትእዛዝ መጣ። ካኪ በጥቅል በጥቅል ገብቶ የሥራ ክፍሉን ሞላው። የጸሐይ ባል ታረቀኝም የዚሁ ማኅበር ሰፊ ነው፤ መኪናውም ከዓምሃ መኪና ጎን ነበረች። ታረቀኝ ክፉ ሰው አይደለም። አፉ ሥራ ሲፈታ ብቻ ነው የሚቀልድበት ሰው የሚፈልገው። ያን ሰሞን ሚስቱ ማድ ቤት ያየችውን ነግራዋለች።

"ጓዶች!" አለ አንድ ጠዋት፣ መቀሱን እንደ ድምፅ ማጉያ አፉ ላይ ይዞ። "ጓድ ዓምሃ ጓዳ ገብቷል! ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ጓድ መሆኑ ቀርቶ የጓዳ ጓድ ሆኗል!"

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ።

"ምን አገባህ አንተ" አለ ዓምሃ እየሳቀ።

"እኔማ ምን አገባኝ! ሽንኩርት ስትልጥ ዓይንህን እንዳያቃጥልህ አስቤልህ ነው እንጂ። ይልቅስ ንገረን፣ ወጡ ጨው አነሰው እንዴ ትናንት?"

"ሻይ ነው ያፈላሁት።"

"ለማን?"

ዓምሃ ጨርቁን ወደ መርፌው ገፋ። ለምን እንደሚያፈላ እዚያ ሁሉ ወንድ ፊት ቢናገር የሚስቱን ገመና አደባባይ ማውጣት ነው። ዝም ሲል ደግሞ የበለጠ ሳቁበት። ሲሳቅበት ሰነበተና፣ አንድ ቀን ከምሳ ሲመለስ መኪናው ላይ ሽርጥ ተሰቅሎ አገኘ። ከምልምሎቹ ካኪ ቁራጭ ተለክቶ፣ ኪስ ወጥቶለት፣ ማሰሪያው ሳይቀር አምሮ የተሰፋ ሽርጥ። ደረቱ ላይ በስፌት ጠመኔ "የጓዳ ጓድ" ተብሎ ተጽፎበታል። ዓምሃም ከሁሉም ጋር ሳቀ። አገጩ ሥር አስደግፎ እንኳ አሳያቸው። ጆሮው ግን እንደ ካውያ ግሎ ነበር።

የዚያን ዕለት ከታረቀኝ ጋር አብረው ወደ ቤት ሲወርዱ፣ እማማ ብርቅነሽ ከግንቡ ሥር የጦስኝ እስር ከፍ አድርገው አሳዩት።

"ዓምሃ፣ ዛሬ አይደል እንዴ?"

ታረቀኝ ዞር ብሎ አየው። ዓምሃ ሳይቆም፣ "የምን?" አላቸውና አለፈ። አሮጊቷ እጃቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ።

ቤት ሲገባ የዓለምወርቅ ተኝታለች። በርጩማው ላይ ኩባያ የለም። በተከፈተው በር በኩል ማድ ቤቱ ይታያል፤ ጸሐይ ድስቷን ጥዳ ወደ እሱ እያየች ፈገግ ትላለች። ለምን ፈገግ እንዳለች እንጃ፤ ምናልባት ሰላምታ ነበር። ዓምሃ ግን ሽርጡን ያየችበት መሰለው።

"ዘገየህ" አለች የዓለምወርቅ ሳትዞር።

"ሥራ በዝቶ ነው።"

"ሁልጊዜ ሥራ። ሁልጊዜ ምክንያት።" ማልቀስ ጀመረች። ዓምሃ ወደ ማድ ቤቱ አየ፤ ከደጃፉ አልተነቃነቀም። ለቅሶው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ በመጨረሻም እንደተለመደው መጣ። "ፍታኝ። በቃኝ፣ ፍታኝ።"

"እሺ" አለ ዓምሃ።

ከልብሱ ላይ ክር እንደሚያራግፍ ያህል ነበር ያላት። የዓለምወርቅ ለቅሶዋን አቋርጣ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ እንዳዘለ አፈጠጠችበት።

"ምን አልክ?"

በሩ ገና አልተዘጋም ነበር። አልሰማሁም ቢላት ይበቃ ነበር። ከመቀመጫዋ ሆና የጠየቀችውም ይህንኑ እንዲላት ነው። ዓምሃ ግን ቀኑን ሙሉ ሲውጠው የዋለው ሳቅ ሁሉ በጉሮሮው መጣ።

"እሺ አልኩ። እፈታሻለሁ።"

ከዚያ ወዲያ አላለቀሰችም። በማግሥቱ የጥልፍ ዕቃዋን በነጠላ ቋጥራ ሽሮ ሜዳ አክስቷ ቤት ሄደች።

ዓምሃ እስክትመለስ ጠበቀ። እሷም እስኪመጣ ጠበቀች። ልማዷ መጥቶ አልፎላት፣ አክስቷን "ቢመጣ እኮ አብሬው እመለሳለሁ" ማለቷን እማማ ብርቅነሽ ነገሩት፤ ከአክስቷ ሰምተው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና ወደ ሽሮ ሜዳ ዳገቱን ያዘ። መንገድ ላይ ታረቀኝ ብቅ አለ።

"ወዴት ነው እንዲህ አምረህ?"

"ወደ ገበያ" አለው፤ ብሎትም አልቀረ፣ ገበያ ወረደ። ምንም ሳይገዛ ተመለሰ።

እሱ ሳይሄድ፣ እሷም ሳትመለስ ወር ሲያልፍ፣ አጎቷ ሽማግሌ ይቀመጥ ብሎ ላከ። የእሷ አጎት፣ የእሱ አጎትና አንድ ቄስ ተሰበሰቡ።

"ጥፋቷ ምንድን ነው?" አሉት ቄሱ።

ዓምሃ ሁሉንም ያውቀዋል። በየወሩ እንደሚያማት፣ እሱ ጦስኝ ያፈላላት እንደነበር፣ ሰው ስለሳቀበት እንደተወ፣ የዚያን ዕለት ያለችው ነገር ሁልጊዜ የምትለው መሆኑን። ግን ይህን ነገር በሽማግሌ ፊት፣ ያውም ቄስ በተቀመጠበት፣ በምን አፉ ይናገረው? ምላሱ ላይ ያሉት ቃላት ሁሉ ነውር መሰሉት። ጨዋ ቃል ፈለገና አገኘ።

"ጠባያችን አልተጣጣመም አባ።"

"ጠባያችን?" አለች የዓለምወርቅ። ብዙ አየችው።

"አንቺስ ልጄ?"

"እኔ ፍታኝ ያልኩት ዛሬ አይደለም አባቴ። ከተጋባን ጀምሮ ስል ነው የኖርኩት። እሺ ያለኝ እሱ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይህችን ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ከዓምሃ በቀር የገባው ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ከመጀመሪያውም ትዳሩን አልፈለገችም ማለት ነው ብለው ተረዱት። "ሁለቱም ከተስማሙማ ምን እናደርጋለን" አሉና አፋቷቸው። ቀበሌውም መዘገበው።

ዓምሃ ሽርጡን ተርትሮ ካኪውን ለምልምሎች ሱሪ የኪስ ገበር አደረገው። የተተረተረ ጨርቅ ክሩ ቢወጣም የመርፌው ቀዳዳ እንደማይጠፋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ታረቀኝ ቀልዱን ከረሳው ቆይቷል። እንዲያውም አንድ ቀን ቁልፍ እየተከለ፣ ከልቡ አዝኖ፣ "ግን አንተ፣ ያቺን የመሰለች ሴት ለምን ፈታህ?" ብሎ ጠየቀው። ዓምሃ ፊቱን አየው። የሚያፌዝ አይደለም። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ጎንበስ አለ።

የዓለምወርቅ ቶሎሳ የሚባል አናጢ አገባች። ይህንንም የነገሩት እማማ ብርቅነሽ ናቸው። ዓምሃ ለጉንፋን ዳማከሴ ሊገዛ ጎራ ባለበት አንድ ቀን፣ ገዝቶ ሊሄድ ሲል ያዝ አደረጉት።

"ሰውየው በየወሩ እኔ ዘንድ ይመጣል።"

"የቱ ሰውዬ?"

"አናጢው። ከእነ መጋዙ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል ይመጣና ጦስኝ ስጡኝ ይላል። ስለ አፈላሉ ልነግረው ስል፣ 'ተዉት እማማ፣ አውቀዋለሁ' አለኝ። 'ውሃው ሲፈላ ይጨመራል፣ በአቡጀዲ ይጠለላል፣ በሰሃን ይከደናል። የበፊቱ ባሌ እንዲህ ነበር የሚያደርገው ብላ አሳይታኛለች' አለኝ።" አሮጊቷ ቅጠላቸውን ውሃ ረጩት። "ይከፋሃል ብዬ ሳልነግርህ ቆየሁ።"

ዓምሃ ዳማከሴውን እዚያው ረስቶት ሄደ።

ለብዙ ጊዜ አላያትም። በአንድ የመድኃኔዓለም ዕለት፣ ዓምሃ ሊሳለም ዳገቱን ሲወጣ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው ከቆሙት ሴቶች መካከል አያት። ነጠላዋን ወደ ፊት ጣል አድርጋ፣ አጠገቧ ላለችው ሴት የሆነ ሰው አነጋገር እየቀዳች ታስቃታለች። ከውጭ ቆማለች፤ አልፎላታል ማለት ነው። ከቤተክርስቲያኑ በር በየትኛው በኩል እንደቆመች አይቶ ደስ የሚለው የጥንት ልማዱ ሳያስበው መጣበት፤ ወዲያው ደግሞ ደስታው የሌላ ሰው መሆኑን አስታወሰ።

እሷም አየችው።

"ዓምሃ፣ ደህና ነህ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ።" ከእግር እስከ ራሱ አየችው። "ከስተሃል። አሁን ስኳሩን ለማን ነው የምትቆጥበው?"

ዓምሃ ደነገጠ። "ታውቂ ነበር እንዴ?"

"ጥርስህ እንደማያምህ? ሸንኮራ ስትግጥ አላየሁህም እንዴ!" ሳቀች። የያኔው ሳቅ ነበር።

ሊላት የሚፈልገው ብዙ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ይህ ነው፤ "በሰሃን ይከድናል?"

የዓለምወርቅ ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። "ይከድናል" አለችው። "ዝም ብሎ አስቀምጦ መሄድ ግን አያውቅም። ካልጠጣሽ ብሎ ራሴ ላይ ይቆማል።"

ከውስጥ ደወል ተደወለ። ሰው ወደ ቅጥሩ ይተም ጀመር፤ ዓምሃን እየገፋው ያልፋል። እሱ ጎንበስ አለና፣ አጠገቧ ያለችው ሴት እንዳትሰማ፣ ዓመታት ሙሉ በሆዱ ሲያመላልሳት የኖረችውን ቃል አወጣት።

"ያን ዕለት ያልሽውን… አልሰማሁም።"

የዓለምወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች። አልተቆጣችም። እንዲያውም የሚያለቅስ ልጅ እንደሚያባብል ሰው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሰምተሃል እኮ ዓምሃ" አለችው።

ዓምሃ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ከሰዉ ጋር ወደ ውስጥ ገባ። እሷ ከግንቡ ውጭ ቀረች።